ወንድሜን እንዴት አስፈርማለሁ?

ከአስኮ ተነሥታችሁ፣ ቡራዩ ኬላን አልፋችሁ፣ በአምቦ መንገድ ገፈርሳ ስትደርሱ ሁለት ነገር ይጠብቃችኋል። አንደኛው አዲስ አበባ የምትጠጣው ውኃ የተጠራቀመበት ግድብ ነው። ሁለተኛው "ይሄ ቤት የማን ነው?" ብላችሁ ብትጠይቁ አራት ሰው በአንድ አፍ "የኔ!" የሚላችሁ ግቢ ነው። ግድቡ ሲሞላ ማስተንፈሻ አለው፤ ግቢው የለውም።

ገፈርሳ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር "ገፈርሳ ጉጄ" የሚባል ክፍለ ከተማ ወጥቶላታል። ቡራዩም፣ ሰበታም፣ ሱሉልታም በ2015 ዓ.ም. ወደ ሸገር ተጠቃለዋል። ማኅተሙ ተለወጠ፣ ቢሮው ተለወጠ፤ የቤተሰብ ጠብ ግን ስም ማዛወር ሳያስፈልገው እንዳለ ተላለፈ።

ቦታው የገብስ ማሳ በነበረ ጊዜ ሁሉም ቸር ነበር። "ኧረ አንተም እዚያ ጥግ ላይ ጎጆ ቀልስ! መሬት ምን ገዶን!" ይባል ነበር። ከዚያ መሬቱ በካሬ መጠየቅ ጀመረ። አስፋልት ሲገባ ትዝታ ይወጣል፤ ያ ቸር ሰውዬ "መቼ ነው ያልኩህ?" ሆነ ንግግሩ።

ዳኛ ሁለቱን ወገን ሰምቶ ለአንዱ ይፈርዳል። ተረበኛ ግን ሁለቱንም ሰምቶ ለሁለቱም ይመልሳል። በቤት ጠብ ላይ የማይቀሩትን ንግግሮች ይዤ፣ እነሆ ለየአንዳንዱ መልሱን።

"ወንድሜን እንዴት አስፈርማለሁ? ነውር አይደለም?"

ነውር ነው እንጂ! ወንድምን ማስፈረም ነውር ነው። ወንድምን መክሰስ ግን ምንም አይደል፤ ጠበቃ አቁሞ፣ ቀጠሮ ቆጥሮ፣ በችሎት አግዳሚ ወንበር ላይ ጀርባ ተሰጣጥቶ መቀመጥ ጨዋነት ነው!

ለእድር ትፈርማለህ። እቁብ ሲወጣልህ ዋስ ትጠራለህ። አሥር ኩንታል ሲሚንቶ ስትገዛ "ደረሰኝ ካልሰጣችሁኝ" ብለህ ሱቁን ታምሳለህ። ሲሚንቶው ለሚፈስበት ቤት ግን "እማዬ ትሙት" ይበቃሃል። እማዬ ስንቴ ትሙት?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ቁጥር 1723፣ የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትም በ1999 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህን ፎርም ያላሟላ የቤት ሽያጭ ውል አይጸናም ብሏል። ያ ውል እኮ ቢያንስ ወረቀት ነበረው! ያንተማ ውል የታተመው በጉርሻ ነው።

"ገንዘቡን የላክሁት እኔ ነኝ!"

ልክ ነሽ እህቴ። ከቤይሩትም ይሁን ከጅዳ መላክሽን ሰፈሩ ሁሉ ይመሰክርልሻል። ችግሩ የሚመሰክርልሽ ሰፈሩ ብቻ መሆኑ ነው።

እስኪ በስልክሽ ያሉትን ፎቶዎች ክፈቻቸው። መሠረቱ ሲቆፈር እሱ አካፋ ይዞ። ፌሮው ሲታሰር እሱ ጥቁር መነጽር አድርጎ። ሶሌታው ሲሞላ እሱ ሁለት ጣቱን ቀስሮ። ቆርቆሮው ሲመታ እሱ፣ በጉ ሲታረድ እሱ። ደረሰኙ ላይ እሱ፣ ግብሩ ላይ እሱ፣ ካርታው ላይ እሱ። አንቺ የት ነሽ? የሰው ቤት ወለል ላይ ተንበርክከሽ፣ በድምፅ መልእክት "ሳሎኑን ሰፋ አድርገው ወንድምዬ" እያልሽ።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1195 የባለቤትነት ማስረጃ የተሰጠውን ሰው ባለቤት ነው ብሎ ይገምታል። ቁጥር 1196 ይህ ግምት የሚፈርስባቸውን ምክንያቶች ይዘረዝራል፤ "ገንዘቡን የላክሁት እኔ ነኝ" የሚል መስመር ግን እዚያ ተጽፎ አታገኚም።

"እንግዲያው አበድሬዋለሁ!" ብትይ ቁጥር 2472 በር ላይ ቆሟል። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም ተበዳሪው ፍርድ ቤት ቀርቦ በማመኑ፣ ወይም በመሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም። 500 ብር በ1952 ወግ ያላት ገንዘብ ነበረች። ዛሬ ስለ ብድሩ ለመነጋገር ሁለታችሁ ክትፎ ቤት ብትገቡ አትበቃችሁም፤ ሕጉ ላይ ግን እንደ ተሾመች አለች።

የመጨረሻው በር 2162 ነው። በሌላው ሰው ድካም ወይም ንብረት ያለ በቂ ምክንያት የበለጸገ ሰው ይካስ ይላል። ይህ በር የሚከፈተው የባንክ ወረቀትሽን ይዘሽ ስትመጪ ነው። በጓደኛ ሻንጣና በጥቁር ገበያ የገባ ብር ምስክር ሆኖ ሲጠራ "አቤት" አይልም። ቢከፈትልሽም ይዘሽ ልትወጪ የምትችይው የላክሽውን ብር እንጂ ቤቱን ላይሆን ይችላል። የላክሽው የያኔውን ብር ነው፤ ቤቱ ደግሞ የዛሬ ዋጋ አለው። እሱ ቤቱን አስቀርቶ ብሩን ከመለሰልሽ፣ ተሸንፎም አትርፏል።

"ዜግነት ስለቀየርኩ በስሜ አይሆንም ብዬ ነው" ለምትይዋም መልስ አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 390 የውጭ ዜጋን ከቤት ባለቤትነት አርቆ ነበር። ከ1994 ዓ.ም. ወዲህ ግን አዋጅ ቁጥር 270 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን ገደቡን አንሥቶላቸዋል። ቢጫ ካርድሽን ኤርፖርት ላይ ቪዛ ለማስቀረት ታስታውሺዋለሽ፤ ቤቱ ላይ ስትደርሺ ትረሺዋለሽ።

ወንድምየው ደግሞ ተነሥቷል። "እኔስ? ፀሐይ የመታኝ፣ ከግንበኛ የተጣላሁት፣ ሌሊት ፌሮ ስጠብቅ ያደርኩት?" ይላል። እውነቱን ነው፣ ደክሟል፤ ድካምም ዋጋ አለው። ስለዚህ ወንድሜ፣ ደሞዝህን ጠይቅ፤ ሳሎኑን አትጠይቅ።

"ውክልና ሰጠሁት እንጂ ሽጥ አላልኩትም!"

ብለሻል እኮ! ወረቀቱን አንብቢው። "እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በስጦታ እንዲሰጥ፣ በዋስትና እንዲያስይዝ፣ ገንዘቡን እንዲቀበል..." ከፊርማሽ በላይ ያለው ያ ሁሉ ጽሑፍ ጌጥ መስሎሽ ነበር?

ሕጉ እንኳ ላንቺ ተጠንቅቆልሽ ነበር። በቁጥር 2205 መሠረት ተወካይ የማይንቀሳቀስ ንብረት መሸጥ የሚችለው ልዩ ሥልጣን ሲሰጠው ነው፤ ዝም ብሎ "በጠቅላላው ወክየዋለሁ" ማለት ለመሸጥ አይበቃም። አንቺ ግን ልዩውንም ጠቅላላውንም በአንድ ገጽ አስጽፈሽ፣ ኤምባሲ ተሰልፈሽ፣ ማኅተም አስመትተሽ ላክሽለት። ግብር እንዲከፍልልሽና መብራት እንዲያስገባልሽ ከፈለግሽ "ግብር እንዲከፍል፣ መብራት እንዲያስገባ" ብለሽ ጻፊ። ሐሳብሽን ከቀየርሽም ቁጥር 2226 ውክልናውን በፈለግሽ ጊዜ መሻር እንደምትችይ ይነግርሻል። ሳይጽፉ መስጠት አንድ ጥፋት ነው፤ ሳያነብቡ መፈረም ደግሞ ታላቅ ወንድሙ ነው።

"ካርታው በስሜ ነው፤ አበቃ!"

ይህን የሚለው ባል ነው፤ ሲለው ደግሞ ጠረጴዛ ይመታል። ወንድም ጋሼ፣ ገና ጀመረ እንጂ አላበቃም። የፌዴራሉ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በአንቀጽ 63 ንብረቱ በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው ብሎ ይገምታል። ገፈርሳ የምትዳኘው በኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ ነው፤ በዚህ ነጥብ ላይ ግን ያም ሕግ ጠረጴዛ ለሚመታ ባል ወንበር አይስብለትም።

"ቦታውን ያገኘሁት ሳላገባት ነው!" እሺ፣ ቦታው የወንደላጤ ነው እንበል። ግድግዳውን ያቆምከው በማን ሽሮ ነው?

ሚስትም ተራዋ ይድረሳት። "ይሄ የአባቴ ውርስ ነው" ካለች አንቀጽ 57 ከጎኗ ይቆማል፤ በውርስ ወይም በስጦታ ያገኘችው የግሏ ነው። ግን የአባትሽን ቤት ሸጠሽ በዚያ ብር ሌላ ገዝተሽ ከሆነ፣ አንቀጽ 58 አዲሱም የግልሽ እንዲባል ፍርድ ቤት ጠይቀሽ አስወስኚ ይላል። አስወሰንሽ? "ኧረ ባሌ ምን ይለኛል ብዬ!" ይኸው፣ ነውር በጓሮ በር ተመልሶ ገባ።

የጋራውን ቤት ሳይነግራት የሸጠ ባልም አለ። አንቀጽ 68 የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱም ስምምነት አይሸጥም ይላል፤ አንቀጽ 69 ደግሞ ያልተስማማው ወገን ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ የሚችለው ባወቀ በ6 ወር ውስጥ፣ ቢዘገይ ቢዘገይ ውሉ ከተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ ነው ይላል። ስለዚህ እህቴ፣ አኩርፎ እናት ቤት መክረም መብትሽ ነው፤ ኩርፊያው ግን ስድስት ወር እንዳይሞላው።

"እሷ ምን አዋጣች? ቡና ስታፈላ ነው የኖረችው!"

ይሄኛው ሳይጋባ አብሮ የኖረ ነው። ሲሠራ "ቤታችን" ነበር፤ ቀለም ሲቀባ "ቤቴ" ሆነ። በፌዴራሉ ሕግ ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት ቢያንስ 3 ዓመት አብረው የኖሩ ሰዎች በዚያ ጊዜ ያፈሩት ሀብት የጋራቸው ነው። ሦስት ዓመት በቡና ተቆጥሮ ስንት ረከቦት እንደሚሆን፣ ጠጪው አንተ ነህና አንተው አስላው።

ይህ ጠባይ የኛ ብቻ እንዳይመስልህ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1975 እንግሊዝ አገር፣ ሎርድ ዴኒንግ የሚባሉ ስመ ጥር ዳኛ ፊት አንድ ጉዳይ ቀረበ። ሰውየው ለወዳጁ "ስምሽ ያልገባው 21 ዓመት ስላልሞላሽ ነው" ብሏት ነበር። እሷም አምና፣ ስድስት ኪሎ የሚያህል መዶሻ አንሥታ የግቢውን ኮንክሪት ስትፈረካክስ ከረመች። ሲለያዩ "ስምሽ የለበትም" ተባለች። ዳኞቹ ግን የቤቱን ሩብ ፈረዱላት። ያልፈረመውን አደራ ፍርድ ቤቱ አስፈረመው፤ ካርታው ባንተ ስም ይሁን፣ ሩቡን ግን የያዝከው ለእሷ ነው አሉት።

የኛዋስ? ከግድቡ አጠገብ እየኖረች ቧንቧው ስለጠፋ ውኃ በጀሪካን አመላልሳ ሲሚንቶውን ያስቦካች፣ ለግንበኞቹ እንጀራ የጋገረች ማን ናት? እንግሊዞች መዶሻውን መዘኑ፤ አንተ ጀሪካኑ ቀለለህ?

"ጓሮው ላይ ሥራ ብለውኝ ነው!"

በገፈርሳም፣ በሰበታም፣ በሱሉልታም ግቢ የሚያምሰው ይሄ ነው። ልጅ ያገባል፤ ኪራይ ይከብደዋል። አባት "ጓሮ ላይ ሁለት ክፍል ጣል አድርግ" ይሉታል። ጣል ያደርጋል። ሁለቱ ክፍል አራት ይሆናል፣ ጭቃው ብሎኬት ይሆናል፣ ሊሾው ሴራሚክ ይሆናል። አባት በየጠዋቱ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወጥተው ያያሉ። አንድ ቃል አይወጣቸውም። አንድ ቀን ብቻ "ይሄ መስኮት ወደ ፀሐይ ቢዞር" ብለው ይመክራሉ፤ ይዞራል። ዓመታት ያልፋሉ። ከዚያ ታላቅ እህት ከአሜሪካ ትመጣለች፣ ወይም ቦታው ገዢ ይመጣበታል። ያኔ "ለመሆኑ በአባታችን ግቢ ውስጥ አንተን ማን አስገባህ?" ይጀመራል።

እዚህ ላይ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከጠበቅነው በላይ አስቦበታል። ቁጥር 1178 ባለመሬቱ እየተቃወመው የሠራን ሰው ይመለከታል፤ ለእንዲህ ያለው ሕጉ ፊቱን ያጠቁርበታል። ቁጥር 1179 ግን ባለመሬቱ ሳይቃወመው የሠራ ሰው የሕንፃው ባለቤት ይሆናል ይላል፤ ባለመሬቱ ሊያስለቅቀው ቢፈልግ ካሣ መክፈል አለበት። ዝምታ ወርቅ ነው ሲባል የሰማ ሰው፣ እዚህ ጋ ወርቁን ከፋዩ ዝም ያለው መሆኑን ይወቅ።

"ዝም ያልኩት ልጄን ላለማስቀየም ነው እንጂ ፈቅጄ አይደለም" ይላሉ አባት። ጋሼ፣ ሲኖትራክ አሸዋ ሲገለብጥ ለቅሶ ቤት ነበሩ? መስኮቱን ያዞሩት ማን ናቸው?

ልጅየው ደግሞ ደረቱን ነፍቷል። ቀስ በል አንተ! የሕንፃው ባለቤት ብትሆን የቦታው አልሆንክም። ቦታውማ የአባትህም አይደለም፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ብሏል። አባትህ ይዞታ አላቸው፤ አንተ ግድግዳ አለህ። ሁለታችሁም ብቻችሁን ሙሉ ቤት የላችሁም። "ልጄ በራሱ ወጪ በጓሮዬ አራት ክፍል እንዲሠራ ፈቅጃለሁ" የሚል አንድ ገጽ ቢኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ዓመት በቀጠሮ አያልቅም ነበር። ሴራሚክ በካሬ የከፈለ ሰው እስክሪብቶ ተወደደበት?

"እማዬ አፏን ሞልታ 'ላንተ ነው' ብላኛለች!"

እማዬ ለማን ያላለችው አለ? አንተ እግሯን ስታጥብ "ላንተ ነው" አለች። እህትህ መድኃኒት ስትልክ "ላንቺ ነው" አለች። ታናሽህ ሲያኮርፍ ለማባበያ "ላንተ ነው" አለች። አንድ ቤት ሦስት ጊዜ ሰጠች፤ እናት ናትና አይፈረድባትም። የሚፈረደው ሦስታችሁ ላይ ነው።

ቁጥር 2443 የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ በግልጽ ኑዛዜ ፎርም ካልተደረገ ዋጋ የለውም ይላል። ግልጽ ኑዛዜ ደግሞ በቁጥር 881 መሠረት ተጽፎ፣ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነብቦ፣ ወዲያው ይፈረማል። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም አዋዋይ ከሆነ ቁጥር 882 ሁለት ይበቃል ይላል። ለልጁ ሠርግ ድንኳን ሙሉ ሰው የጠራ ቤተሰብ አራት ምስክር አጣ!

"ታዲያ በቃል የተነገረ ኑዛዜስ?" አለ፤ ቁጥር 893። በቃል ኑዛዜ ስለ ቀብር ሥርዓትና ስለ ልጆች ሞግዚት መናገር ይቻላል፤ ለሰው መተውም ይቻላል፣ ግን እስከ 500 ብር። ይቺ 500 ብር ዛሬም ተከተለችን! በቃል ረከቦቱን ልታወርስህ ትችላለች፤ ረከቦቱ የተቀመጠበትን ቤት ግን አትችልም። የሚጸና ኑዛዜ ከሌለ ቁጥር 842 ይመጣና ልጆች እኩል ይካፈላሉ ይላል፤ ያስታመመችውም፣ በሰላሳኛው ቀን የደረሰውም።

እንግሊዞች ለዚህ ጉዳይ ሌላ በር አላቸው። ሶመርሴት በሚባል አገራቸው አንድ ሰው በዘመዱ እርሻ ላይ 30 ዓመት ገደማ ያለ ደሞዝ ሠራ። ባለእርሻው ቃል የማይወጣቸው ሰው ነበሩ፤ አንድ ቀን የኢንሹራንስ ወረቀት እጁ ላይ ጣል አድርገው ለሞታቸው ጊዜ ግብር መክፈያ እንደሚሆን ነገሩት፣ በቃ። ሰውየው "እርሻው የኔ ይሆናል" ብሎ ገባው፤ ሌላ እንጀራ ሳይፈልግ ኖረ። ባለእርሻው ያለ ኑዛዜ ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ2009 የጌቶች ምክር ቤት እርሻው ለሠራው ሰው ይገባል ብሎ ፈረደ። ኢስቶፔል ይሉታል፤ ሰውን ተስፋ አስይዘህ፣ ተስፋህን አምኖ ዕድሜውን ካፈሰሰልህ በኋላ "አላልኩም" ማለት አትችልም ማለታቸው ነው።

የኛ ሕግ ግን ለስጦታም ለኑዛዜም ፎርም ይጠይቃል፤ እናትን ማስታመም የፎርም ምትክ አይሆንም። ስለዚህ ወንድሞች ሆይ፣ ለቅሶ ላይ "እሷ ባትኖር ኖሮ እማዬ ይሄን ያህል አትቆይም ነበር" ብሎ ማልቀስ ወጪ የለውም። ውልና ማስረጃ ሄዶ ድርሻን መልቀቅ ወጪ አለው። ምስጋናችሁ የምር ከሆነ ወጪውን ምረጡ።

"ድሮ እንዲህ አልነበረም፤ ዘመድ ይተማመን ነበር!"

የቱ ድሮ? በጎጃምና በበጌምድር ርስት በትውልድ ሐረግ ይቆጠር ስለነበር በርስት የሚከስህ መጀመሪያ የገዛ ዘመድህ ነበር፤ ባዳማ በምን ሐረጉ ይመጣል! ኩታ አጣፍቶ፣ ዘንግ ይዞ፣ "በላ ልበልሃ" እያለ ችሎት የሞላው የአጎትና የአክስት ልጅ ነበር። "በሚስትና በርስት ቀልድ የለም" የተባለው የሚተማመኑ ሰዎች ስለበዙ ነው?

ወይስ ሌላውን ድሮ ነው የምትለው? ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ አይኖረውም ተባለ። በዚያን ጊዜ እንኳ ወንድማማች በትርፍ ቤት አልተጣላም። "የኔ ነው፣ ያንተ ነው" ከመባባላቸው በፊት መንግሥት "የኔ ነው" ብሎ ገላገላቸው።

"ካርታ ባይኖረውም ቤቱ የኛ ነው!"

የጨረቃ ቤት! ከገበሬ በመንደር ውል የተገዛ፣ ሌሊት ቆርቆሮ የተመታበት። ታላቅ "ብሩ የኔ ነው" ይላል፣ ታናሽ "ሌሊቱ የኔ ነው" ይላል። ዳኛው ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው "ማስረጃ?" ብሎ ነው። ግሬደሩ ደግሞ ምንም አይጠይቅም፤ ታላቅና ታናሽም አይለይም። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ የደረሰውን የቤት ፈረሳ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ሳይቀር በይፋ ተናግሮበታል። በሩን ለሁለት ሊካፈሉ የተጣሉ ወንድማማቾች በፍርስራሹ ላይ አብረው ቆሙ።

እዚህ ላይ ግን ለመንግሥትም መልስ አለኝ። አንድ አባት ልጁ በጓሮው ሲሠራ ዝም በማለቱ በ1179 ካሣ ይጠየቃል። እንግዲያው መንደር ሙሉ ሲገነባ እያየ፣ ቆጣሪ እየተከለ፣ ለዓመታት ዝም ያለ መሥሪያ ቤት ዝምታው በካሬ ስንት ይመታል?

"ሽማግሌ ይጨርሰዋል!"

ይጨርሰዋል፤ ከጻፈው። ሽማግሌዎች ይመጣሉ፣ ይመክራሉ፣ ይገሥጻሉ፣ መጨረሻ ላይ "በሉ ተነሡና ተሳሳሙ" ይላሉ። ታናሽ የታላቁን ጉልበት ይስማል፣ ሰዉ ያለቅሳል፣ ዳቦ ይቆረሳል። ደስ ይላል! ግን ጉልበት መሳም ስም አያዛውርም። በዓመቱ ሁለቱም የታረቁበትን ቀን ያስታውሱታል፤ የታረቁበትን ነገር ግን እያንዳንዱ በየራሱ ነው የሚያስታውሰው።

"ለወንድሜ ክብር ብዬ ነው ዝም ያልኩት" የሚል ወራሽም ልብ ይበል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1000 ያለ መብቱ ውርስ የያዘን ሰው ለመጠየቅ በመርሁ የሚሰጠው መብትህንና መያዙን ካወቅህበት ቀን 3 ዓመት ነው። ለክብሩ ስትል አራት ዓመት ዝም ካልክ፣ እሱ ክብሩንም ቤቱንም ይዞ ይቀራል።

አያችሁ? ባልም፣ እህትም፣ አባትም፣ ወራሽም የተያዙት በአንድ ነገር ነው። ሕጉ ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ 1179ን ያህል አስተዋይ ድንጋጌ አለው። የተያዙት "ምን ይለኛል" ብለው ባሳለፉት ቀን ነው። ያን ቀን ያላስቀየሙትን ሰው ዛሬ በስሙና በአባቱ ስም "ተከሳሽ" ብለው ጠሩት።

ስለዚህ ገፈርሳዎች፣ ሰበታዎች፣ ሱሉልታዎች፣ ብር የምትልኩም ብር የምትቀበሉም፤ መሠረቱ ከመቆፈሩ በፊት ማን ምን እንዳዋጣ፣ ቦታው የማን፣ ግድግዳው የማን እንደሆነ ጻፉ፣ ያነበበ ይፈርም፣ ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ አስመዝግቡ። ቡናው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ወንድማችሁን ስትዋደዱ አስፈርሙት፤ ስትጣሉማ አይፈርምላችሁም።